ጊጋም ሚዛን ነው

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)



ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በባልደረቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ፈለጋቸውን በሚከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ስለ ንግድ ሥነ ምግባር ስንናገር ብዙውን ጊዜ የምንጠቅሰው የእህል ነጋዴውን፣ የቅቤ ነጋዴውንና የጨርቅ ነጋዴውን ነው። ዛሬ ቤታችን የሚገባው ዕቃ ሌላም አለ፤ ሞባይል፣ ሚሞሪ ካርድ፣ ፓወር ባንክ፣ የሶላር መብራት፣ ቴሌቪዥን። የሚገዛበትም መንገድ ተለውጧል። ሰው ዕቃውን ሳይነካ፣ ሻጩን ሳያውቅ፣ በቴሌግራም ወይም በፌስቡክ የተለጠፈ ፎቶግራፍ አይቶ «ርካሽ ነው» ብሎ ገንዘቡን ይልካል። ይህ ግዢ በሸሪዓ እንዴት ይታያል? ርካሽነቱስ እውነተኛ መሆኑ በምን ይታወቃል? የዛሬው ርዕሳችን ይህ ነው።

አዲስ አበባ ላለ ሰው ነገሩ ቀላል ሊመስል ይችላል። ፎቶግራፉን ካየ በኋላ መርካቶ ወይም ቦሌ ሄዶ ዕቃውን አገላብጦ ማየት አያቅተውም። ስለዚህ ጉዳዩን ሩቅ ካለ ሰው ቦታ ሆነን እንየው። በጋምቤላ ክልል፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ኩሌ የሚባል የስደተኞች መጠለያ አለ። በታኅሣሥ 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲነሳ ድንበር ተሻግረው ለመጡት፣ አብዛኞቹም ኑዌሮች ለሆኑት ወገኖች በዚያው ዓመት የተከፈተ ነው። በኩሌ ስልክ ማለት ቅንጦት አይደለም። ወንድም በጁባ፣ እህት በአሜሪካ፣ እናት በሌላ መጠለያ ተበታትነው የሚገናኙት በእርሱ ነው፤ ከውጭ የሚላከው ገንዘብ መድረሱ የሚነገረውም በእርሱ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከዕርዳታ እህሉ ላይ ሸጦ፣ ወር ሁለት ወር አጠራቅሞ የገዛው ስልክ በሳምንቱ ቢጠፋበት ለማን አቤት ይላል? ስልኩን የሸጠለት የጋምቤላ ባለሱቅ «እኔም ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ነው ያስመጣሁት» ይለዋል። የአዲስ አበባው ደግሞ ቁጥሩን ዘግቷል።

አካባቢው ለሩቅ ንግድ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተፈራረሙት ውል በባሮ ወንዝ ዳር፣ በዚያው በኢታንግ አቅራቢያ፣ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ እንዲሰጥ ተስማምተው ነበር። ጣቢያው ኋላ በጋምቤላ ተቋቋመ። በክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡ የእንፋሎት መርከቦች ጨውና ጨርቅ አራግፈው ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ያኔ ግን ነጋዴው የጆንያውን አፍ ፈትቶ፣ ቡናውን በመዳፉ ዘግኖ፣ አሽትቶ ነበር የሚገዛው። የዛሬው ገዢ ያጣው ይህንን ነው፤ ዓይኑንና እጁን።

ታዲያ ዓይንና እጅ በሌሉበት ግዢ ሐላል ይሆናልን? ዑለማዎች በዚህ ላይ ከተነጋገሩ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1990 ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በጅዳ ባደረገው ስድስተኛ ስብሰባ በዘመኑ የመገናኛ መሣሪያዎች፣ በኮምፒዩተርም ጭምር፣ የሚደረግ ውል የሚጸና መሆኑን ወስኗል። ያን ጊዜ ቴሌግራም ቀርቶ ሞባይል እንኳ በአገራችን አልነበረም። ውሳኔው ከዚህ የለያቸው ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ምስክር የሚያስፈልገው ኒካሕ፣ እጅ በእጅ መሆን ያለበት የገንዘብ ምንዛሪና ዋጋው ወዲያው መከፈል ያለበት የሰለም ሽያጭ። በአገራችንም ሕግ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ውል በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመደረጉ ብቻ ዋጋ እንደማያጣ ደንግጓል። እንግዲህ መሣሪያው ችግር የለበትም። ችግሩ ያለው የሚሸጠው ነገር በትክክል ሳይታወቅ ሲቀር ነው። ፈቂሆች ይህንን «ገረር» ይሉታል፤ ምንነቱ የተሸፈነ፣ ውጤቱ የማይታወቅ ሽያጭ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ሻጩ «ይህችን በፎቶግራፍ የምታያትን ስልክ» ብሎ ለይቶ ከሸጠ፣ ገዢው ያላየውን የተለየ ዕቃ መግዛቱ ነው። በአገራችን በስፋት ከሚታወቁት ሁለቱ መዝሀቦች መካከል ሐነፊዮች ይህንን ይፈቅዱና ገዢው ዕቃውን ባየ ጊዜ የመመለስ መብት ይሰጡታል። በሻፊዒዮች ዘንድ የበረታው አስተያየት ግን ያልታየ የተለየ ዕቃ ሽያጭ አይጸናም የሚል ነው። ነገር ግን ዕቃው በዓይነቱ፣ በሥሪቱ፣ በመጠኑና በመድረሻ ቀኑ ተገልጦ፣ ዋጋው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ከተከፈለ ሰለም ይሆናል፤ ሰለምን አራቱም መዝሀቦች ይቀበሉታል። በሁለቱም መንገድ ለገዢው የሚጠቅመው አንድ ነገር ነው፤ መግለጫው በጽሑፍ ይሁን። ከአላህ መጽሐፍ ረጅሙ አንቀጽ በሱረቱል በቀራ የሚገኘውና ለጊዜ የተዋዋሉትን ዕዳ ስለ መጻፍ የሚናገረው መሆኑን አስታውሱ። በቴሌግራም የተጻፈ መልእክትም ጽሑፍ ነው። «አዲስ ነው ወይስ ያገለገለ? ጊጋው ስንት ነው? ችግር ቢገኝበት በስንት ቀን ትመልስልኛለህ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን አታጥፉት። ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በድምፅ ብቻ እንጂ በጽሑፍ የማይመልስ ሻጭ ካጋጠማችሁ፣ በእኔ አስተያየት ከእርሱ ጋር ያለው ጉዳይ እዚያው ቢያበቃ ይሻላል።

ሌላው በሽታ ሻጩ የሌለውን መሸጡ ነው። ዛሬ በቴሌግራም ሱቅ የከፈቱ ብዙ ወጣቶች አንድም ስልክ በእጃቸው የለም። የመርካቶ ባለሱቅ ዕቃ ፎቶግራፍ ያነሣሉ፣ ዋጋ ጨምረው ይለጥፋሉ፣ ገንዘብ ሲላክላቸው ሄደው ይገዛሉ። ሐኪም ኢብኑ ሒዛም (ረ.ዐ.) የተባሉት ሶሓባ ልክ ይህንኑ ጠይቀው ነበር። ሰው መጥቶ የሌላቸውን ዕቃ ሲፈልግባቸው ከገበያ ገዝተው ቢሸጡለት ብለው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) እርሳቸው ዘንድ የሌለውን እንዳይሸጡ ከልክለዋቸዋል። ሐዲሱን አቡ ዳውድና ቲርሚዚይ ዘግበውታል። ይህ ማለት ወጣቶቹ ሥራ ይፍቱ ማለት አይደለም። ሐላል መንገድ አለ፤ ወካላ ነው። «ዕቃው የእኔ አይደለም፤ ወኪል ሆኜ እገዛልሃለሁ፤ ዋጋው ይህ ነው፣ የድካሜ ይህን ያህል ነው» ብሎ በግልጽ መነጋገር። ለጋምቤላና ለኩሌ ሰው ደግሞ ይህ ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው፤ ምክንያቱም ወኪሉ ዓይንና እጅ ይሆነዋል። ወኪል ግን አማና ተሸካሚ ነው። በዝቅተኛ ዋጋ ገዝቶ በከፍተኛ ዋጋ ገዛሁት ማለት ክህደት ነው። ግማሹን ዛሬ ግማሹን ዕቃው ሲመጣ እየተባለ ከዱባይና ከቻይና ለሚታዘዘው ዕቃም ይኸው ወካላ መውጫ ይሆናል፤ በሰለም ዋጋው ሙሉ መከፈል ስላለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ርካሽነቱ እንምጣ። አንድ ዕቃ ከሌላው የሚረክሰው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ምክንያቱ ሐላልም ሐራምም ሊሆን ይችላል። በገበያው ቋንቋ «ስላሽ» የሚባለው ከውጭ የመጣ ያገለገለ ስልክ ነው። ያገለገለ መሆኑ እስከተነገረ ድረስ ምንም ነውር የለበትም፤ እንዲያውም ጥሩ ሥሪት ስልክ በአነስተኛ ዋጋ ለሚፈልግ ቤተሰብ ጠቃሚ ነው። ነውሩ የሚመጣው ሽፋኑ ተለውጦ፣ በአዲስ ካርቶን ታሽጎ «ያልተፈታ» ሲባል ነው። ገዢው ስልኩ ላይ *#06# ብሎ ቢጽፍ 15 አኃዝ ያለው መለያ ቁጥር ይወጣለታል፤ በካርቶኑ ላይ ካለው ጋር ካልተመሳሰለ ካርቶኑ የዚያ ስልክ አይደለም። የቀድሞው ባለቤት የጉግል ወይም የአፕል አድራሻ ያልወጣለት ስልክ ደግሞ አንድ ቀን ውስጡ ተሰርዞ እንደ አዲስ ሲጀመር ተቆልፎ ይቀራል፤ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ስልክ አንዳንዱ ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተዘጋ ነውና ላኪው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ። ቴሌቪዥንና ሌላም የቤት ዕቃ ከሆነ ጀርባውን ያንብብ፤ የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነው። «ከ100 እስከ 240» የሚል ካለበት ይሠራል፤ ከሌለበት ሲሰካ ይቃጠላል።

ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን የመጠን ማጉደል ነው። ሱረቱል ሙጦፊፊን የተሰየመችው ሚዛንና ስፍር በሚያጎድሉ ሰዎች ነው። የነቢዩላህ ሹዐይብ (ዐ.ሰ.) ሕዝቦች የመድየን ሰዎችም የተወቀሱበት አንዱ ትልቅ ኃጢአታቸው ይኸው ነበር። ብዙዎቻችን ይህንን ስንሰማ የሚታየን የእህል ቁናና የሥጋ ቤት ሚዛን ነው። ጊጋስ? ዋትስ? እነርሱም ስፍር ናቸው!

512 ጊጋ ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ሚሞሪ ካርድ አለ። ስልክ ውስጥ ሲገባ በእርግጥ 512 ብሎ ያሳያል፤ ምክንያቱም በውስጡ ያለው መቆጣጠሪያ እንዲዋሽ ተደርጎ ተሞልቷል። እውነተኛ መጠኑ 16 ወይም 32 ሊሆን ይችላል። እርሱ እስኪሞላ ድረስ ምንም አይታወቅም። ከሞላ በኋላ አዲሱ ፎቶግራፍ አሮጌውን ያጠፋዋል ወይም ፋይሉ አይከፈትም። የልጅ ኒካሕ፣ የሟች እናት ድምፅ እዚያ ውስጥ የተቀመጠበት ሰው ጉዳቱን የሚያውቀው ከዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ካርድ የገዛ ሰው በመጀመሪያው ቀን በትላልቅ ፋይሎች እስከ አፉ ሞልቶ መልሶ ይክፈታቸው። አድካሚ ነው፤ ግን ሌላ ማረጋገጫ የለም። በስልኮችም ላይ «ራም 16» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ፤ ዝርዝሩን ስታነቡ 8 ሲደመር 8 ነው። ሁለተኛው 8 ከማከማቻው የተበደረ እንጂ እውነተኛ ራም አይደለም። አምራቹ በትንሽ ፊደል ጽፎታል። ሻጩ ግን ድምሩን ብቻ ሲናገር ስፍሩን አጉድሏል።

መብራት ለማይገኝበት ቤት ፓወር ባንክና ሶላር ከስልኩ እኩል ናቸው። 10,000 ሚሊአምፔር የተጻፈበት እውነተኛ ፓወር ባንክ እንኳ ለስልኩ የሚሰጠው 6,000 ግድም ነው። የተጻፈው በውስጡ ባለው ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲሆን ወደ ስልክ የሚወጣው በ5 ቮልት ስለሆነ፣ ጥቂቱም ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ ነው። ይህ ማታለል አይደለም። 50,000 ተብሎ የተጻፈበት፣ ግን በስኳር ሚዛን ላይ ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ፓወር ባንክ ግን ውሸት ነው፤ ያን ያህል ኃይል የሚይዝ ባትሪ በዚያ ክብደት አይሠራም። ሶላሩም እንዲሁ ነው። በጠራራ ፀሐይ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በሆነ ቦታ ላይ የሚያርፈው 1,000 ዋት ያህል ነው፤ ጥሩ የሚባለው ፓነል ከዚህ አንድ አምስተኛ ግድም ይቀበላል። እንግዲህ ደብተር የሚያህል፣ 20 በ30 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓነል ቢበዛ 12 ዋት ቢሰጥ ነው። በላዩ ላይ 100 ዋት ተጽፎበት ካያችሁ ስሌቱን ራሳችሁ ሠርታችሁ ተዉት።

ፎቶግራፉ ሥር የሚጻፉት ምስጋናዎችስ? «ደርሶኛል፣ በጣም አሪፍ ነው፣ አላህ ይስጥህ» የሚሉት? እውነተኞች አሉ። ሻጩ ራሱ በሌላ ስም፣ ወይም ጓደኞቹን ለምኖ የሚያስጽፋቸውም አሉ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የከለከሉት ነጅሽ ይህ ነው፤ መግዛት ሳይፈልጉ ዕቃውን እያወደሱ ወይም ዋጋ እየጨመሩ ሌላውን ገዢ ማነሳሳት። ወጣቶች ለጓደኛ ውለታ መስሏቸው ያላዩትን ዕቃ ያመሰግናሉ። አስተያየት መጻፍ ምስክርነት መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

በዋጋ በኩል ኢንተርኔት ለሩቅ ሰው ትልቅ ኒዕማ ነው፤ ይህንንም መናገር ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነጋዴዎች ከከተማ ውጭ ወጥተው፣ የገበያውን ዋጋ ገና ያልሰማውን ቅፍለት በመንገድ ላይ እንዳይገዙት ከልክለዋል። በአለማወቁ እንዳይጎዳ ነው። ዛሬ ኩሌ የተቀመጠ ሰው አንድ ስልክ አዲስ አበባ ስንት እንደሚሸጥ በራሱ ማየት ይችላል። የአምስት ሻጮች ዋጋ ተቀራራቢ ሆኖ የስድስተኛው በግማሽ ከወረደ «አገኘሁ» ከማለት በፊት «ለምን?» ማለት ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ጥንቃቄው ይጨምራል። ከዚያ በፊት 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል፤ የገቢ ዕቃም ዋጋ አብሮት ሄዷል። «በድሮው ዋጋ» የሚል ማስታወቂያ አልፎ አልፎ እውነት፣ ብዙ ጊዜ ግን መንጠቆ ነው። በሌላ በኩል የጋምቤላው ባለሱቅ የመንገዱንና የድካሙን ጨምሮ ቢሸጥ በደል አይደለም፤ ያ መንገድ ቀላል አይደለምና።

ከጋምቤላ ከተማ አንድ ወንድማችን ያቀረበልን ጥያቄ አለ። በቴሌግራም አይቶ፣ ገንዘቡን በቴሌብር ልኮ 12 ስልኮች አስመጣ። አዲስ ተብለው የመጡት ስልኮች ውስጥ አራቱ ሽፋናቸው የተለወጠ ያገለገሉ ሆነው ተገኙ። ሻጩ መልስ መስጠት አቆመ። «ደንበኞቼ ከኩሌ የሚመጡ ናቸው፤ ልዩነቱን አያውቁትም። እኔም ተታልዬ ነው። በገዛሁበት ዋጋ ብቻ፣ ያለ ትርፍ ብሸጥላቸው ኃጢአት አለብኝ ወይ?» ይላል።

ወንድማችን፣ መጠየቅህ በራሱ ኸይር ነው። መልሱ ግን፣ አዎን፣ ሳትነግራቸው ከሸጥክ ኃጢአት አለብህ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ ከትተው ውስጡን እርጥብ ያገኙበትን ሐዲስ ታውቀዋለህ። ነጋዴው ዝናብ ነው ያረጠበው አለ፤ ማለትም እኔ አላደረግኩትም ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ምክንያቱን ተቀብለው አላለፉትም፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ያንተም ዝናብ የአዲስ አበባው ሻጭ ነው። ጉድለቱን ያመጣኸው አንተ ባትሆንም የሸፈንከው አንተ ትሆናለህ። አታተርፍም ማለትህም አይለውጠውም፤ ያገለገለ ስልክ በአዲስ ዋጋ ሲሸጥ ኪሳራህን የሚከፍለው ያ ስደተኛ ነውና። አራቱን ስልኮች ለይተህ «ያገለገሉ ናቸው» ብለህ በሚገባቸው ዋጋ ሽጣቸው። የቀረውን ገንዘብ ከሸጠልህ ሰው የመጠየቅ መብትህ የተጠበቀ ነው፤ ፈቂሆች «ኺያሩል ዐይብ» የሚሉት፣ ጉድለት ሲገኝ የመመለስ መብት ነው። በአገራችንም በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ደንግጓል። መልእክቶችህን፣ የቴሌብር ደረሰኝህንና የስልኮቹን መለያ ቁጥሮች ይዘህ ለንግድ ቢሮና ለፖሊስ አመልክት።

ሁለት ነገር እንጨምርልህ። ከኩሌ የሚመጣው ደንበኛህ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ኑዌርኛ ነው። ጉድለቱን እርሱ በማይሰማው አማርኛ መናገር መናገር አይደለም። ቋንቋውን የሚያውቅ ሰው ጥራና ይንገርልህ። ሁለተኛ፣ ደንበኛው ሙስሊም ባይሆን ሕጉ አይቀልም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ከአንድ አይሁዳዊ የጥሩራቸውን ልብስ መያዣ ሰጥተው ምግብ በዱቤ ገዝተዋል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በጋምቤላ ክልል ሙስሊሙ ከመቶ አምስት ግድም ነበር። ስለዚህ ያ ደንበኛ በሕይወቱ የሚያውቀው ሙስሊም ባለሱቁ ብቻ ሊሆን ይችላል። ስለ እስልምና የሚያነበው ካንተ ሚዛን ላይ ነው።

የአከፋፈሉን ነገር በአጭሩ። ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ገንዘብ ከጋምቤላ አዲስ አበባ የሚደርሰው በቅጽበት ነው፤ የመመለሱ ነገር ግን እንዲህ አይፈጥንም። ከመላካችሁ በፊት የሚመጣውን ስም አንብቡ፤ ሻጩ ከነገራችሁ ስም ጋር ካልገጠመ አቁሙ። የሚስጥር ቁጥራችሁን ማንም ቢጠይቃችሁ አትስጡ፤ «ከቴሌ ነው የምደውለው» ቢላችሁም። የሚቻል ከሆነ ዕቃውን አይታችሁ ክፈሉ፤ የማይቻል ከሆነ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ አይቶ ይክፈል።

ስልክ በዱቤ ስለ መግዛትም ተጠይቀናል። በጅዳው በዚያው ስብሰባ የፊቅህ አካዳሚው በየጊዜው እየተከፈለ የሚሸጥ ዕቃ ከእጅ በእጅ ዋጋው ቢበልጥም እንደሚፈቀድ ወስኗል፤ ዋጋው በውሉ ጊዜ አንድ ሆኖ ከተቆረጠ። ክፍያው በዘገየ ቁጥር የሚጨመር ቅጣት ግን ሪባ ነው። ስለዚህ የዱቤ ውል በስልካችሁ ላይ ሲመጣላችሁ «እስማማለሁ» የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ብዘገይ ምን ይሆናል የሚለውን አንቀጽ ፈልጉ። ጊዜያችን እዚህ ላይ አልቋል። አሮጌ ስልክ ሰጥቶ ልዩነቱን ጨምሮ አዲስ ስለ መውሰድ የቀረቡትን ጥያቄዎች በሚቀጥለው ፕሮግራማችን ኢንሻአላህ እንመልሳለን።

ወላሁ አዕለም።